ሲናገር የሚከብደው እጀታ

ጋሽ ታፈሰ አባቴ መሞቱን ያውቅ ነበር። እያወቀ ከአንደኛ ክፍል አስቀርቶኝ የወታደር ሬዲዮ ጀነሬተር በእጄ ሲያስዞረኝ ከረመ። ሬዲዮው የሚጠራው ያንኑ የሞተውን አባቴን ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ሳልመለስ አደግሁ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሰው ቢያለዝበውም ባያለዝበውም ይኸው ነው።

በልጅነቴ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ማታ ማታ፣ ጉልበቴ በማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተጣጥፌ። እንዲያ ለፍቼ በያዝኩት ፊደል ማንን አንቱ፣ ማንን አንተ እንደምል የምወስነው እኔ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። በቀደም እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ስልኬን ላሠራ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ልጁ የጋለውን መበየጃ እርሳሱ ላይ ሲያሳርፈው ነጭ ጭስ ብን አለ። የቀለጠ ሙጫና የተቃጠለ አቧራ። ከአፍንጫዬ ይልቅ ትከሻዬ ነው ቀድሞ ያወቀው። ደርቄ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ ልጁ።

"ሥራህን ሥራ" አልኩት። 

ያ ዓመት መንግሥት የተለወጠበት ነው። ሠራዊቱ ግንቦት ላይ ተበተነ፤ ክረምቱን ሙሉ በጅማ መንገድ የሚያልፈው ሰው ካኪ ሱሪ የለበሰ፣ ጫማውን በሲባጎ ያሰረ፣ ከሰው ደጅ ውሃ የሚለምን ነበር። አባቴ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ሰሜን ጦር ግንባር የመገናኛ ወታደር ነበር። ሲዘምት ሕፃን ስለነበርኩ ከእሱ የማስታውሰው ሲላጭ የሚሸተውን ሳሙና ብቻ ነው። እናቴ ከመንዝ እሱን ተከትላ የመጣች ሴት ናት። ጅማ ውስጥ ዘመድ የሚባል አልነበራትም። የኮሌጅ ተማሪዎች ልብስ እያጠበች ነበር የምታኖረኝ። ያን ክረምት ግን እጇ ገንዳው ውስጥ፣ አይኗ አጥሩ ላይ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ግራ ክንዱ የተንጠለጠለ ሰው አጥራችን ጋ ቆመ። ገና ሳይናገር እናቴ አወቀችው፤ አባቴ በላከው ፎቶግራፍ ላይ አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ነው። ታፈሰ። ሁለቱ አንድ ሬዲዮ ላይ ነበር የሚሠሩት።

"ደምሴስ?" አለችው።

"ተለያየን፣ እትዬ አሰለፈች።"

"የት?"

"ሬዲዮው ጋ። ሬዲዮው ጋ ተውኩት።"

ውሸት አልነበረም። ሬዲዮው ጋ ነው የተወው። ምኑን እንደተወው ነው ያልተናገረው።

እናቴም አልጠየቀችም። "ካለ እንግዲህ ይደውላላ" አለችና ውሃ ልታሞቅለት ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩሽናችን ውስጥ ማደር ጀመረ።

ሬዲዮውን ያገኘችው እሷ ናት። ይህን መደበቅ አይገባኝም። ሐሙስ ገበያ፣ ቁራሌዎቹ የጦር ካምፑ ሲዘረፍ የወጣውን ኮተት በዘረጉበት፣ ከዝገታም ኮዳና ከጎማ ክምር መሀል አንድ አረንጓዴ የብረት ሣጥን ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ቁጥርና መዘውር ሞልቶበታል። አጠገቡ እንደ ብስክሌት ፔዳል ሁለት እጀታ ያለው፣ እግር ያበቀለ የብረት ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ። እናቴ የዘንቢሏን ጆሮ ለቀቀች።

"ይሄ አይደለም? ፎቶው ላይ ያለው ይሄ አይደለም?"

ጋሽ ታፈሰ ፊቱ እንደ አመድ ነጣ። "የሱ ዓይነት ነው እንጂ እሱ አይደለም። ይሄ ከጃንሆይ ዘመን የተረፈ አሮጌ ነው፣ እትዬ። አይሠራም።"

"ታበጀዋለህ።"

"ዕቃ ያስፈልገዋል…"

"ደምሴን ትጠራልኛለህ፣ ታፈሰ። በአፍህ ካልነገርከኝ በዚህ ንገረኝ።"

የሠርጓን ጋቢ ሰጥታ ሣጥኑን ወሰደችው። በጋሪ ጭነን ስንሄድ የጋሪው ፈረስ ዳገቱ ላይ እምቢ አለ፤ እኔና ጋሽ ታፈሰ ከኋላ ገፋን። እሱ በአንድ እጁ። ሲገፋ እያለቀሰ ነበር። ክንዱን አሞት መሰለኝ።

ጥገናው ክረምቱን በላው። አሁን ሳስበው ሰውዬው ሆን ብሎ ያጓትተው ነበር፤ ያኔ ግን ከዚያ የተሻለ ጨዋታ አልነበረኝም። ሣጥኑ ሲከፈት የአይጥ ጎጆ ወጣ፣ የበረሮ እንቁላል ወጣ። ጋሽ ታፈሰ በዶሮ ላባ ጠረገው። ከጊንጆው ሬዲዮ ጠጋኝ ከጋሽ ሙዘይን መበየጃ ተውሶ ከሰል ላይ ያግለዋል፤ የበሰበሰውን ሽቦ ቆርጦ አዲስ ይበይዳል፤ ያ ጭስ ይነሳል። ውስጡ ቫልቭ የሚሏቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንዱ ከሌሎቹ ይተልቃል። "ይሄ ነው ድምፁን የሚልከው፤ እንዳትነካው" አለኝ። እኔ "ትልቁ" ብዬ ሰየምኩት፤ የሌሎቹ አባት መሰለኝ።

ሬዲዮው ሁለት ዓይነት ጉልበት ይበላል። ለመስማት የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ድንጋዮቹን በጨርቅ ጠቅልለን በረድፍ አሰርናቸው፤ ሲደክሙ ፀሐይ ላይ የማሰጣቸው፣ ሲያስገመግም ሮጬ የማስገባቸው እኔ ነበርኩ። ለመናገር ግን ድንጋይ አይበቃውም። ሰው እጀታውን ማዞር አለበት። ጀነሬተሩን ወፍራም አግዳሚ ላይ በብሎን አሰረው። ከአቮካዶው ዛፍ እስከ ባህር ዛፉ ሽቦ ዘረጋ። እናቴ ልብስ ማስጫ ገመድ ሲያጥራት እንኳ ያችን ሽቦ አትነካም ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ካልሲ ብታሰጣባት፣ "የባሌ መንገድ ላይ!" ብላ ጭቃ ውስጥ ጣለችው።

የቀበሌ ሰው መጥቶ ነበር። መሣሪያ የሚፈትሹበት ጊዜ ነው። ሣጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየውና "ይሄ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" አለ።

"ከባሌ ጋር" አለች እናቴ፣ ልብስ ከመጭመቅ ሳትቆም።

ሰውዬው ሳቀ። "ባልሽን ሰላም በይልኝ" ብሎ ሄደ።

መስከረም ገባ። እናቴ ተማሪ ጥሎት ከሄደ ሸሚዝ ሰፍታ አለበሰችኝና ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ፈረቃዬ የጠዋት ነበር። ሳምንት ያህል ተማርኩ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ጠመኔው እጅጌዋ ላይ ይራገፋል፤ "ሀ" ስንል ጣሪያው ይጮሃል። ፊደል ማለት የጩኸት ዓይነት መሰለኝ። ጮክ ብሎ የጮኸ የሚያልፍ፣ የማይጮኽ የሚወድቅ።

አንድ ማለዳ ወጥቼ ልሄድ ስል ሣጥኑ ተነፈሰ። እንደ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ፣ ሽ… አለ። ተሠራ። እናቴ ገንዳዋን ትታ ሮጠች።

"አሁን ጥራው!"

"ሰዓት አለው፣ እትዬ። ሁልጊዜ አይደመጥም። በቀጠሮ ነው።"

"በስንት ሰዓት?"

 ጋሽ ታፈሰ እሷን አየ፣ መሬት አየ። ከዚያ "ጠዋት አራት ሰዓት" አለ።

እስከ ዛሬ የማኝከው ይህችን ነው። ማንም ለማያዳምጠው ጥሪ ማንኛውም ሰዓት ይሆን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ቢል ምን ነበረበት? አሥር ቢል? ተምሬ እመጣ ነበር፤ አዙሬም አመሽ ነበር። አንድ ቃል ነው። አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፣ የእኔ ዕድሜ በዚያው ሄደ።

ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። ጋሽ ታፈሰ በደህና እጁ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይናገራል። ማዳመጫው አንድ ነው፤ እሱን እናቴ ጆሮዋ ላይ ትይዛለች፣ የባሏን ድምፅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለምና። የሚያዞር ሰው ጠፋ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ለጥቂት ቀን ነው ጌቴ" አለችኝ እናቴ። "አባትህ ሲመጣ ራሱ ያስተምርሃል።"

ሸሚዜን አውልቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መደበቅ አይገባኝም።

"ዋርካ፣ ዋርካ፣ እዚህ ጽድ። ይሰማል? ዋርካ፣ መልስ።" ዋርካ አባቴ ነው፤ ጽድ ጋሽ ታፈሰ። ቁልፉን ሲለቅ እጀታው ቀለል ይላል፤ ተጭኖ ሲናገር አንድ ሰው ከወዲያ የያዘው ይመስል ጥርቅም ብሎ ይከብዳል። ከወገቤ ተነስቼ ካልገፋሁት አይዞርም። ሣጥኑ ላይ አንዲት መርፌ አለች፤ ቀይዋ ምልክት ላይ መቆም አለባት።

"ዙሩ ወረደ! ወረደ እኮ! ወደ ቀይዋ!" ይላል ጋሽ ታፈሰ፣ አይኑን ከመርፌዋ ሳይነቅል። "በዛ! ቀስ! ልታቃጥለው ነው እንዴ፣ አንተ ሞተር?"

እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። ክብደቱ አባቴ ነው ብዬ ነበር። ድምፁ ሽቦውን ይዞ ሄዶ ይጠመጠምበታል፤ እኔ ሳዞር አባቴን እንደ ውሃ ባልዲ እጎትተዋለሁ። የሚከብደው ሩቅ ስለሆነ ነው። መልስ ሲጠፋ ጥፋቱ የክንዴ ነው። እናቴ ማዳመጫውን አስቀምጣ ሳታየኝ ወደ ገንዳዋ ስትሄድ፣ እኔን ተቀይማ መሰለኝ መዳፌን እደብቅ ነበር። ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ ነበር።

እኩዮቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላሉ። "ሞተር! ሞተር! ናፍጣ ነው ቤንዚን?" ይላሉ። ደብተራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ይጨፍራሉ። እኔም "አባቴ ሲመጣ ታያላችሁ!" እላለሁ።

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ላይ ቡና ተለቀመ፤ ከመፈልፈያው የሚወርደው የገለፈት ሽታ አዌቱ ወንዝን ይዞ ሰፈራችን ድረስ ይመጣል፣ የኮመጠጠ ጣፋጭ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት እጀታው ቀለለኝ። ጋሽ ታፈሰ ቁልፉን ተጭኖ "ዋርካ፣ ዋርካ" ይላል፤ እኔ በአንድ እጄ እንኳ አዞረዋለሁ።

"እማዬ! እዪኝ! ጎበዝ ሆንኩ!"

እናቴ ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችና ሳቀች። ያን ሰሞን በየጠዋቱ እንቁላል ትቀቅልልኝ ጀመር። "ሞተሬ ይጠንክር" ትላለች። አባቴም በጣም የቀረበ መሰለኝ፤ የሚጎተት ነገር ሲቀርብ ይቀላላ። ጋሽ ታፈሰ ግን መርፌዋን ማየት ተወ። አይኑን ጨፍኖ ነው የሚናገረው። "ዙሩ ወረደ" የሚል ቀረ። ስለጎበዝኩ ነው አልኩ።

ከገና በኋላ እናቴ የተዋስነውን መበየጃ እንድመልስ ወደ ጋሽ ሙዘይን ላከችኝ። ጋሽ ሙዘይን ጫት ጉንጩ ውስጥ ይዞ የሰው ቴፕ ገልብጦ ያያል።

"ኢልማ ኮ፣ አባትህ መለሰ?" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሁሉንም ልጅ እንዲያ ነው የሚጠራው።

"ገና ነው። ግን ቀርቧል። ድሮ ጋሽ ታፈሰ ሲናገሩ እጀታው ይከብደኝ ነበር፤ አሁን እንደ ላባ ነው። ጎብዣለሁ።"

መሳቅ ጀመረና ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። "ሲናገርም ይቀልሃል? ቁልፉን ተጭኖ?"

"አዎ!"

"ወላሂ?"

"እግዜርን!"

ቴፑን አስቀመጠ። "የጫነ መኪና ዳገት ላይ ያቃስታል፣ አይደል? ባዶው ይበራል። ይሄም እንደዚያ ነው፣ ኢልማ ኮ። ሲናገር ካልከበደህ አይናገርም። አንተ ጎብዘህ አይደለም።" ከዚያ የተናገረውን የጠላው መሰለ። "ሂድ በቃ። ምናልባት ሽቦ ለቆ ይሆናል። ለታፈሰ ንገረው።"

ለጋሽ ታፈሰ አልነገርኩትም። ቤት ስደርስ ማንም አልነበረም፤ የሣጥኑን ጀርባ ከፈትኩ። ሽቦ አልለቀቀም። ትልቁ የለም። ጎሬው ባዶውን ነው። ዞር ስል የጋሽ ታፈሰ ኮት ኩሽናው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ ኪሱ አብጧል። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ዳሰስኩ። ጠርሙስ ነው።

ያኔ ያሰብኩትን ልናገር። ሰውዬው አባቴ እንዲመጣ አልፈለገም አልኩ። እናቴ ሸሚዙን ታጥብለታለች። ከአንድ ትሪ ይበላል። ሊያገባት ነው!  ማንንም ሳልጠይቅ ፈረድኩበት፤ የሰባት ዓመት ዳኛ።

በማግስቱ አርብ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ቦታችንን ያዝን። እናቴ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ የሳሙና አረፋ ክርኗ ላይ ይደርቃል። ማዞር ጀመርኩ። ጋሽ ታፈሰ አይኑን ጨፈነና ቁልፉን ተጫነ።

"ዋርካ፣ ዋርካ፣ እዚህ ጽድ…"

እጀታውን ለቀቅሁት።

ትንሽ በራሱ ዞረና ቆመ። መርፌዋ ወደቀች። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ለእናቴ አሳየኋት።

"…ይሰማል? ዋርካ፣ መልስ። ዋርካ፣ እዚህ ጽድ።"

ቀጠለ። አይኑን እንደጨፈነ፣ እንደሚጸልይ ሰው። መርፌዋ አንዲት ፀጉር ታህል ስትወርድ ይጮህብኝ የነበረ ሰው፣ ጀነሬተሩ ቆሞ አልተሰማውም። እናቴ እጄን አየች፣ እጀታውን አየች፣ እሱን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማዳመጫውን በርጩማው ላይ አስቀመጠች።

"ይበቃል" አለች። ወደ ገንዳዋ ሄደች።

ጋሽ ታፈሰ አይኑን ገለጠ። የተነሱ እጆቼን አየ።  ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ እስከ ሰኞም አልተመለሰም። አሸነፍኩ አልኩ። አባረርኩት።

ሰኞ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አጥሩ ጋ የሰው ኮቴ ተሰማ። እናቴ ቀድማ ለብሳ ተቀምጣ ነበር፤ ምናልባት ሌሊቱን አልተኛችም። በሩን ከፈተች። ቄሱ ከፊት። የእድር ሰዎች፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው። ጎረቤቶች፣ ያቺ ካልሲዋ ጭቃ ውስጥ የተጣለባት ሳትቀር። ጋሽ ሙዘይን ኮፊያውን በእጁ ይዞ ከአጥሩ ውጭ። በመሀል ጋሽ ታፈሰ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ልጅም ያውቃል። እኔ ግን አላወቅሁም።

ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቴ ጋሽ ታፈሰን አየችው።

"መለሰልህ?"

"መለሰ፣ እትዬ" አለ።

ጩኸቷ ጅማ የሰማው ይመስለኛል። ሴቶቹ ያዟት። "ደምሴ ሞቷል" የሚለውን ከሌላ ሰው አፍ ነው የሰማሁት፤ ከማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አርብ ዕለት እጀታውን ለቀቅሁ፣ ሰኞ አባቴ ሞተ። ያ ሁሉ ጊዜ ይዤው ቆይቼ ለቀቅሁት። ሮጬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ማዞር ጀመርኩ። እጀታው እንደ ላባ ነበር። ይባስ ብዬ አዞርኩ። ቀለለኝ። ጮህኩ።

ጋሽ ታፈሰ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ሊያስቆመኝ መስሎኝ ነከስኩት። እጁን አልሳበም።

"አንተ አይደለህም" አለኝ። "እኔ እጅ ላይ ነው የሞተው፣ ገና ግንቦት ላይ። ዘመድ በሌለበት አገር ከማን ጋር ሆኜ ላርዳት? መንዝ ለወንድሟ ላክሁ፣ አልመጣም። እንደኛ የተረፈ ሬዲዮ ያለው ሰው አንድ ቀን ቢሰማንስ? 'ደምሴ ሞቷል' ብሎ ቢመልስስ? ጆሮዋ ላይ፣ ደጋፊ ሳይኖራት፣ ሳሙና እጇ ላይ እያለ? ፈራሁ። ጠርሙሱን ነቀልኩት።"

ለሰው ስነግር እዚህ ላይ ስደርስ ያዝኑለታል። እኔ የምለው ሌላ ነው። እነዚያን ሰዎች ጊንጆን ዞሮ ለመሰብሰብ ከአርብ እስከ ሰኞ በቃው። ነሐሴ ላይም ጊንጆ እዚያው ነበረች። ቄሱም፣ እድሩም፣ ሙዘይንም እዚያው ነበሩ። ዘመድ እስኪመጣ ጠበቀ እንጂ ጎረቤት ዘመድ መሆኑን አልጠየቀም። እናቴ ከዚያ ለቅሶ በኋላ ስለ ትምህርት ቤት አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም፤ ለእሱም ማንም አላነሳለትም። አሁን በሕይወት የለም። ልጠይቀው የነበረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለምን አራት ሰዓት?

ያን ጠዋት ከኪሱ መሐረቡን አወጣ። ትልቁን ፈታና ጎሬው ውስጥ ከተተው። ቁልፉን ተጫነ። አፉን ገጥሞ ተጭኖ ብቻ ያዘው። የእናቴ ለቅሶ ከቤት ይመጣል።

እጀታው ከበደኝ። በሁለት እጄ፣ ከወገቤ ተነስቼ፣ መርፌዋን ቀይዋ ላይ አቆምኳት።

ቀኑን እኔው በእጄ ልጻፈው፤ ሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 1984 ዓ.ም.